በከመነዳሪ የታሰረው ሞተር

ቢያዝን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር መቀመጥ ነው። ሌላው ባለሱቅ በሩን ከፍቶ ይጠርጋል፣ ዕቃውን ያወጣል። እሱ የቆርቆሮውን በር ገፋ ያደርግና ከተገለበጠች ጀሪካን ላይ ቁጭ ብሎ፣ ወገቡን በግራ እጁ ደግፎ፣ የመጣበትን መንገድ ድካም እዚያው ያራግፋል። ከቤቱ እስከ ሱቁ አምስት መቶ እርምጃ አይሞላም። የሚራገፈው ግን የዛሬ ጠዋት ድካም ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያጎነበሰ ወገብ ነው፤ በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ ይራገፋል፣ አያልቅም።

ሱቁ አዘዞ ነው፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ከሚሄደው አስፋልት ዳር። ከበላዩ ከተማዋ በየጉብታው ተንጠልጥላለች። እሱ ያለበት ሜዳ ነው፣ ብስክሌት የሚወደው ዓይነት ሜዳ። በክረምት ጠዋት ጉሙ ከጉብታዎቹ ሲነሣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ገና አሁን የተሠሩ ይመስላሉ። ቢያዝን ይህን ዕድሜ ልኩን ሲያይ ኖሯል፣ አሁንም ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ለማየት መነሣት አያስፈልግም።

የተወለደው ጃናሞራ ነው፣ ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። አባቱ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰጡት። ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ፣ ከዚያም ዜማ ሊማር ጎንደር መጣ። እንደማንኛውም የአብነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ ምግቡን ይለምን ነበር። አንድ ቀን አያ መዝሙር ከሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ደጅ ቆመ። ሽማግሌው ቀና እንኳ ሳይል «አንተም ስለ ማርያም ይችን ያዝልኝ» ብሎ አንድ ጎማ አስጨበጠውና በመዳፉ መታ አደረጋት። ጎማዋ ዞረች። አንድ በአንድ ተቆጥረው ይታዩ የነበሩት ሠላሳ ስድስቱ ሽቦዎች ጠፉ። በቦታቸው የሚያብለጨልጭ አየር ብቻ ቀረ፤ በአየሩ ውስጥ አልፎ የሽማግሌው ፊት ይታያል። ጎማዋ ስትቆም ሽቦዎቹ ከሄዱበት ተመለሱ። ቢያዝን የት ሄደው እንደነበር ሊጠይቅ አፈረ። በማግሥቱ ደግሞ ሊያይ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን መፍቻ ጨበጠ፤ ዜማው በዚያው ቀረ። አያ መዝሙር የዕቃዎቹን ስም ጣልያኖች ጋራዥ ከሠራ አባቱ ወርሶት ነበር። ዳዶ፣ ቡሎን፣ ሮንዴላ፣ ካቴና። ቢያዝን እነዚህን በዜማው ቦታ አጠናቸው።

ከዚያ በኋላ አገባ፣ ሦስት ልጅ አሳደገ። ባጃጅ ሲመጣ ብስክሌት ከመንገድ ጠፋ፤ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ብስክሌት ከየቆጡ ወረደ። ሥራው ተመልሶ ሲመጣ ግን ጉልበቱ አልጠበቀውም። አምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደክሞኛል» ይላል፤ ሌላው «ደኅና» እንደሚለው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ቄስ ገብረ ኪዳን አሮጌ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። ከኋላዋ ፖርቶመጋላ፣ ከዕቃ መጫኛዋ ላይ፣ በገመድ የተጠፈረ ትልቅ ካርቶን ነበር። ቄስ ገብረ ኪዳን የቢያዝን የንስሐ አባት ናቸው። ዜማ ሊማር በመጣ ጊዜ በአንድ ጎጆ አብረው አድረዋል፤ ያን ጊዜ እሳቸው ታናናሾቹን ቀለም የሚያስቀጽሉት ትልቁ ዲያቆን ነበሩ። እሱ ከጎጆው ወጥቶ ቀረ፣ እሳቸው ቀጠሉ፣ አሁን ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አለ ከጀሪካኑ ለመነሣት እየታገለ።

«ይፍታህ፣ ይፍታህ። ተው ተቀመጥ። አንተ ተነሥተህ እስክትጨርስ ፍልሰታ ይገባል።»

ካርቶኑን ፈቱት። ውስጡ አንድ የፊት ጎማ ነበር፤ እምብርቱ ግን እንደ ድስት ያበጠ ነው። አብረው አንድ ባትሪ፣ አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ብዙ ሽቦና አንድ ወረቀት ወጡ።

«ፍቅርተማርያም ናት የላከችልኝ» አሉ ቄስ ገብረ ኪዳን። ልጃቸው ናት፣ ባሕር ዳር ታስተምራለች። «እዚያ መምህሩ ሁሉ በዚህ ነው አሉ የሚሄድ። ጎማውን ትቀይርና በቃ፣ ሳይክሉ ራሱ ይሄዳል።»

«ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ አባ።»

«ሜዳውንም ጉብታውንም የፈጠረ አንድ ነው።»

«የፈጠረስ አንድ ነው። ሞተሩን የሠራው ነው ሌላ።»

ቄሱ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡና አጠገቡ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ድምፅ ሰጠ።

«ስማኝ፣ ቢያዝን። ደብራችን ሁለት ቄስ ቀርቷታል። እኔና ዕንባቆም። ሌሎቹ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ታመመ፣ አንዱ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ለቅዳሴ ደግሞ ሁለት ቄስ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል የለም። ዲያቆን አይጠፋም። እኔ የቀረሁ ቀን ግን ቅዳሴው ይታጎላል። በማርያም ጾም፣ በፍልሰታ፣ ሕፃን ሽማግሌው ሊቆርብ ተሰብስቦ ሳለ ይታጎላል። ዐሥራ አምስት ቀን ነው። ዓምና በእግሬ ወጣሁት። ዘንድሮ አንድ ቀን ብወጣ ሦስት ቀን እተኛለሁ።»

«ባጃጅስ?»

«ነዳጅ ያለው ቀን ጉብታውን አይቶ ይመለሳል። ነዳጅ የሌለው ቀን ሹፌሩ ቢያንስ አክብሮ መስቀሌን ይሳለማል።»

«ምነው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ቢያድሩ?»

«አምሳልን ማን ያገላብጣታል?»

የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ አምሳል አልጋ ላይ ከዋለች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ደብሯ ከአዘዞ ወደ ከተማው ሲሄዱ ወደ ቀኝ በሚገነጠለው ኮረት ድንጋይ መንገድ ላይ፣ ጉብታው ጫፍ ናት። ወጣት ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ያርፋል።

«እሠራልዎታለሁ» አለ ቢያዝን። ይህን ሲል ወገቡ ቀድሞ ሰማ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ቀን ቢያዝን ከመሥራት ይልቅ ሲያይ ዋለ። ከእምብርቱ የሚወጡትን ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ሲያነካካቸው ጎማው እንደ ደከማት በቅሎ እንቢ ይላል፤ በሁለት እጅ እንኳ አይዞርም። ሲያለያያቸው ይለቅና በአንድ ጣት ይዞራል። ባትሪ የለ፣ ምን የለ። አነካካ፣ ለያየ፣ አነካካ። ጎረቤቱ ደሴ፣ በያጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጥቶ ቆመና፣

«አያ ቢያዝን፣ ሥራ ነው ጨዋታ?» አለው።

«እስቲ ያዘው። አሁን አዙር።»

ደሴ አዞረ፣ ቆመበት። «ማን ነው ከውስጥ የያዘው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅ።»

የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው ሹካ ጫፉ ላይ ዘንግ የሚገባበት ስንጥቅ አለው። የሞተሩ ዘንግ ለስንጥቁ ጥቂት ወፍሮ ተገኘ። ቢያዝን ሞረዱን አወጣና ግራውን ዐሥር ጊዜ፣ ቀኙን ዐሥር ጊዜ፣ በጥፍሩ እየለካ ሞረደ። ዘንጉ ገባ። ሽቦዎቹን በሳጥኑ አድርጎ ከባትሪው አገናኘ፣ የብስክሌቷን አፍንጫ ወደ ላይ አንሥቶ እጀታውን ቀስ ብሎ ጠመዘዘ። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ። ወደ ኋላ።

ደሴ ግድግዳውን ይዞ ሳቀ። «አባን መልሰህ ጃናሞራ ልትሰድ ነው?»

«እሳቸው የጃናሞራ ሰው አይደሉም።»

«እንግዲያማ አገሩን ያዩታላ፣ በጀርባቸው።»

ጎማው ተገልብጦ ነበር የገባው። አውጥቶ አዞረው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ተንበርክኮ ነው፤ በተነሣ ቁጥር ሱቁ ለአፍታ ይዞርበታል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከካርቶኑ ሥር አንድ የረሳት ነገር አገኘ። መዳፍ የምታህል ወፍራም ብረት ናት፣ በአንድ ጫፏ የዘንጉን ቅርጽ የያዘ ቀዳዳ አላት። ወረቀቱ ላይ ሥዕል ነበር። ብረቷ በአንድ ጫፏ ዘንጉን ትይዛለች፣ በሌላው ጫፏ ከሹካው ጋር በብረት ቀለበትና በቡሎን ትታሰራለች። ቢያዝን ሥዕሉን ሲያይ ገባው። ጎማው ወደ ፊት በገፋ መጠን ዘንጉ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። ተራ ጎማ ከሹካው ጋር ጠብ የለውም፤ ይኸኛው ግን እጀታው በተጠመዘዘ ቁጥር ከስንጥቁ ሊያመልጥ ይታገላል። ያቺ ብረት የዘንጉን ክንድ የምትይዝ እጅ ናት። ከሥዕሉ ቀጥሎ ሌላ ሥዕል አለ፤ አንድ ሰው ከብስክሌት ላይ በፊቱ ሲደፋ፣ በላዩም ቀይ መስቀለኛ መሥመር።

አብሮ የመጣው ቀለበት ለቀጭን ሹካ የተሠራ ነበርና የቄሱን ወፍራም ሹካ አልዞር አለ። ወደ ደሴ ሄደ።

«አንድ ቀለበት በይድልኝ።»

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ አያ። ነገ፣ ከመጣ።»

ነገ ነሐሴ አንድ ነው፣ ፍልሰታ ይገባል። ቄሱ ብስክሌቷን ሊወስዱ አሁን ይመጣሉ። ሌላ በያጅ ፍለጋ ቢሄድ ፒያሳ ድረስ መውጣት፣ ተመልሶ መውረድ አለ። ቢያዝን ከጀሪካኑ ላይ ተቀመጠ። ግራ እጁ ራሱ ወገቡን ያዘ። ከፊቱ ካለው ክምር ላይ አንድ ያረጀ ከመነዳሪ፣ በጎማ ውስጥ ገብቶ አየር የሚሞላው ያ ለስላሳ ላስቲክ፣ ተንጠልጥሎ ነበር።

በዚህ አገር በከመነዳሪ የማይታሰር ነገር የለም። የባጃጅ ጭነት በሱ ይታሰራል፣ የተሰነጠቀ ሞፈር በሱ ይጠገናል፣ የአልጋ እግር፣ የበር ማጠፊያ፣ የቀፎ ክዳን። አያ መዝሙር ራሱ የተሰበረ መነጽሩን በሱ ጠፍሮ ነው የሞተው። የቢያዝን እጆች ሳይጠይቁት ላስቲኩን በቀጭኑ ተለተሉት፣ ብረቷን ከሹካው ላይ አስተኙ፣ እየሳቡ ጠመጠሙ። ዐሥራ ሁለት ዙር። በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ አልነቃነቅ አለ። ዳዶዎቹን ትንፋሹን ይዞ እንቅ አደረጋቸው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አዘዞ ሜዳ ላይ ሞከራት። አንድ ሰው ከፊት እጁን ይዞ እንደሚመራው ሆነ፤ እግሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ አገሩ ወደሱ መጣ፣ የባሕር ዛፉ አጥር፣ የደረሰው ዝናብ ሽታ፣ ከአስፋልቱ ዳር የቆሙ ሁለት አህዮች። አምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ተሸክሞት አያውቅም ነበር። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ነፋሱ ነው አለ ለራሱ።

ቄስ ገብረ ኪዳን መጥተው ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች አዩ፣ ሹካው ላይ ያለውን ጥቁር ጥምጥም በጣታቸው ነኩ።

«አስተማማኝ ነው?»

«ሸጋ ነው፣ አባ።»

በፍልሰታ መጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቄሱ ከጉብታው ወርደው ሱቁ ደጅ ቆሙ። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በገመድ አስረዋል፤ አፋቸውና አፍንጫቸው በነጠላ ተጠምጥሟል።

«ምን ሆኑ፣ አባ? ጥርስዎን አሞዎት?»

ነጠላውን ፈቱት። «ዝንብ ነው! ጉብታውን ውዳሴዬን እያደረስሁ ስወጣ፣ በፍጥነቱም ደስ ብሎኝ አፌን ከፍቼ፣ አንዲት ዝንብ መጥታ ከንፈሬ ላይ። ብትገባ ኖሮ ጾሜን ሽራ፣ ቅዳሴውን አስታጉላ! ለቀዳሽ ብዙ ነው መከልከያው፣ ልጄ። ዝንብ ብትገባበት አይቀድስ፣ ደም ቢፈሰው አይቀድስ። በእግሬ ስወጣ ዝንቧን እኔ ነበርሁ የማያት፤ አሁን እሷም እኔም አንተያይም።»

ቢያዝን ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ዐይኑ ወደ ሹካው ወረደ። ዐሥራ ሁለቱ ዙር ትናንት አንድ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አሁን መሀል ላይ እንደ ጥርስ ክፍተት ሳስቷል። ብረቷ የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ሄዳለች። አፉን ከፈተ። ከዚያ ስለ መብራቱ፣ ስለ በያጁ፣ ስለ ጉብታው፣ ስለ ነገ ቅዳሴ ማውራት ሊኖርበት ነው፤ ለዚያ ሁሉ ንግግር የሚሆን ጉልበት ከየት ይምጣ። አፉን ዘጋ። ቄሱ አፋቸውን ሸፍነው ሄዱ።

ማታ እጅጋየሁ፣ ሚስቱ፣ የቀረበለትን ሽሮ ሳይነካ ሲያፈጥበት አይታ፣ «ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ደክሞኝ ነው።»

እውነት ነበር። እውነት ስለነበረም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ቄሱ እንደ ትናንቱ ወረዱ። ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ከስንጥቁ ጠርዝ ላይ አዲስ የተፋቀ ብረት ያብለጨልጫል።

«እስከ ነገ ጠዋት ይተዉልኝ» አለ ቢያዝን። «ልየው።»

«የተበላሸ ነገር አለ እንዴ?»

«ልየው ነው፣ አባ።»

ከዚህ ሜዳ የቄሱ ቤት ቅርብ ነው፤ በእግራቸው ሄዱ። ደሴ ዘንድ ዛሬም መብራት የለም። ቢያዝን ብስክሌቷን ለረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ ተቀመጠባትና ወደ ጉብታው ነዳት። ምናልባት ይይዝ ይሆናል፣ ምናልባት የተፋቀው ድሮም የነበረ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ ላይ ካደረሰው ዝም ብሎ ይተኛል።

ኮረቱ በዝናብ ታጥቦ እንደ ዓሣ ጀርባ ያበራ ነበር። የመጀመሪያውን ዳገት ወጣ። ሁለተኛው ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት፣ ፊተኛው ጎማ ድንጋዩን ስቶ በቦታው ሽው ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ድንገት ነክሶ ያዘ። አንድ ድምፅ ሰማ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ ዓይነት። ዘንጉ በስንጥቁ ውስጥ ዞረ፣ ላስቲኩን እንደ ክር በጠሰው፣ ሽቦዎቹን ጠቅልሎ ነቀለ፣ ጎማው ከሹካው ወጣ። ቢያዝን በመሪው ላይ አልፎ በመዳፎቹ ወደቀ።

አልተነሣም። ዝናቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል፣ ኮረቱ ጉንጩ ሥር ነው። አሳፋሪው ነገር የመጀመሪያው ስሜቱ ደስታ መሆኑ ነበር። ተኝቷል፣ ማንም ተነሥ አላለውም። ከዚያ ቀኝ መዳፉን አየ። ሥጋው ተከፍቶ ደሙ ከዝናቡ ጋር በድንጋዮቹ መሀል ይሄዳል፤ ቀጭን፣ የሚያምር ቀይ መሥመር ሆኖ፣ ወደ አዘዞ ቁልቁል። ነገ በአራት ሰዓት እዚህ መታጠፊያ ላይ የሚደርሱት ቄስ ገብረ ኪዳን ናቸው። ስልሳ ስድስት ዓመት፣ ያ ጉልበት። የሚፈሰው የሳቸው ደም በሆነ ነበር። ከላይ ሕዝቡ ልጆቹን ታቅፎ ደወል ይጠብቃል።

ተነሣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁ ደረሰ። የሞተሩ ሽቦ ከሥሩ ተነቅሏል፤ ከፍቶ ለመጠገን ሳምንትም አይበቃው ይሆናል። ስንጥቁን በመዶሻ አቃንቶ፣ የብስክሌቷን የቀድሞ ጎማ፣ ያችን ቀጭኗን፣ በአንድ እጁ መልሶ ገጠመ።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት የቄሱ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምነው፣ አንተው አመጣኸው? ሞተሩስ?»

«የለም፣ አባ። ይቀመጡ።»

«ያለ ሞተር?»

«ሞተሩ ከኋላ ነው ዛሬ። ይቀመጡ፣ ይረፍድብናል።»

ሜዳውን ቄሱ ራሳቸው እየነዱ ሄዱ፣ እሱ ከጎን በሶምሶማ። ዳገቱ ሲጀምር ከኋላ ገባና በግራ እጁ ኮርቻውን፣ በጨርቅ በታሰረው ቀኝ እጁ ፖርቶመጋላውን ይዞ ገፋ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ልቡ በጆሮው ውስጥ ይመታ ጀመር።

«አባ» አለ። «ንስሐ አለኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ከቆምሁ... ሁለተኛ አልነሣም።»

«በል ተናገር። እኔም ወደ ፊት እያየሁ እሰማለሁ፣ እንዲያ ይሻላል።»

በየሦስት እርምጃው አንድ ቃል ነገራቸው። ብረቷን፣ ቀለበቱን፣ ሥዕሉን፣ ሸጋ ነው ማለቱን። የመጀመሪያው ቀን አይቶ ዝም ማለቱን፤ ከሁሉ ይህ ከበደው። ትናንት መታጠፊያው ላይ የሆነውን። ቄሱ ፊታቸውን አላዞሩም። ጀርባቸው ብቻ ይታየዋል፣ ቀጭን፣ በነጭ የተጠቀለለ፣ በኮረቱ ላይ የሚንቀጠቀጥ።

«በምን አሰርኸው?» አሉ በመጨረሻ።

«በከመነዳሪ።»

«በከመነዳሪ! እኔን!» ብስክሌቷ ሁለት ክንድ ወጣች። «ስንት ዙር?»

«ዐሥራ ሁለት።»

«እንደ ሐዋርያት?»

«አልቆጠርሁትም ነበር፣ አባ። በኋላ ነው...»

«ታዲያ አንዱ ይሁዳ ነበራ።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቢያዝን ማልቀሳቸው መስሎት ደነገጠ፤ ሳቅ ነበር፣ ግን ወዲያው ቆመ። «አምሳልን ማን ያገላብጣት ነበር?» አሉ፣ በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን።

መታጠፊያው ላይ ቄሱ ወረዱና ጥቂት በእግራቸው ሄዱ። ጉልበታቸው ሲከዳቸው መልሰው ተቀመጡ። ከላይ የመጀመሪያው ደወል ተሰማ። ቢያዝን ዐይኑን ጨፍኖ ገፋ። ከታች የሚያየው ድንጋይ ብቻ ስለነበረ መጨፈኑ አይሻልም አይከፋም። አንድ ሽማግሌ ከደጁ ወጥቶ «አይዟችሁ!» ይላል፣ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ታልፋቸዋለች፣ ሁለተኛው ደወል ይደወላል። ከመዳፉ ሥር ሙቅ ነገር ወረደ። ላብ ነው ብሎ ገፋ።

ቄስ ዕንባቆም፣ ወጣቱ ቄስ፣ ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩ ነበር። እነሱ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«አባ! ቀሩ ብዬ ሕዝቡን ላሰናብት ነበር እኮ!»

«አልቀረሁም። ገፍተው አመጡኝ።» ቄስ ገብረ ኪዳን ወርደው ብስክሌቷን ለግንቡ አስደገፉ። ወደ ቢያዝን ዞሩ፤ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ መሬቱ ላይ ይተነፍሳል። «ግባ፣ አስቀድስ።»

ቢያዝን ቀኝ እጁን አነሣ። ጨርቁ ቀልቷል፤ ቁስሉ በግፊያው ተከፍቶ ይንጠባጠባል። ደም የሚፈሰው ሰው ወደ ውስጥ እንደማይገባ ከጃናሞራ ጀምሮ ያውቃል።

ቄሱ እጁን አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ። «እንግዲያ ከውጭ ቁም» አሉና ገቡ።

አልቆመም። ከግንቡ ሥር፣ ዝናብ ከማይደርስበት ደረቅ አፈር ላይ፣ ከጽዱ ግንድ ተደግፎ ተቀመጠ። ቅዳሴው ተጀመረ። የቄስ ዕንባቆም ድምፅ ወጣት ነበር፣ ወፍራም፤ ቄስ ገብረ ኪዳን ሲቀበሏቸው የደከመ፣ ስንጥቅ ያለበት፣ ግን ቦታውን የማይስት ድምፅ ይመጣል። ሕዝቡ ይመልሳል። ይህ ድምፅ ዛሬ ላይኖር ነበር። ቢያዝን ይህን እያሰበ ሳለ ተኛ። ጉብታው ሁሉ ቆሞ ሲጸልይ እሱ አፉን ከፍቶ ተኛ፣ ዝንብም ብትገባ ማንም አይከለክላትም።

የቀሰቀሱት ቄሱ ናቸው። ሕዝቡ ወጥቶ አልቋል።

«አባ፣ ንስሐዬን ይስጡኝ» አለ ዐይኑን እየጠራረገ።

ቄሱ አጠገቡ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አሁን አልሳቁም። «ቀላል ነገር አይደለም የሠራኸው።»

«አውቃለሁ።»

«ደክሞኛል ብለህ ሰው ልትገድል ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አባ።»

«በቀን አርባ ስግደት። ሰባት ቀን።»

ቢያዝን ወገቡን ያዘ። «ወገቤን ያውቁታል።»

«አንተ ጉልበቴን እንደምታውቀው ነው የማውቀው።» ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። ስግደቱን ልተውልህ። ሞተሩን እስክትጠግንልኝ፣ ብረቷም በብረት እስክትታሰር፣ በየቀኑ ትገፋኛለህ።»

ቢያዝን ኮረቱን ቁልቁል አየ። መጀመሪያ ሁለተኛውን ዳገት፣ ከዚያ መታጠፊያውን፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ዳገት፣ ከዚያ በስተመጨረሻ፣ ከጉሙ ሥር፣ አንድ ጥፍር የምታህለውን የአዘዞን ሜዳ።

«አባ» አለ። «ስግደቱ በቀን ስንት ነበር ያሉኝ?»

ቄስ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ባዶ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

በማግሥቱ በሦስት ሰዓት እጅጋየሁ ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ አይታ የት እንደሚሄድ ጠየቀችው።

«ቄስ ልገፋ» አላትና ወጣ።